አሊና ታይሰን ቢጋጠሙስ? የተለያየ ዘመን ከባድ ሚዛኖችን የማወዳደር አሠራር

ስለ መሐመድ አሊና ስለ ማይክ ታይሰን «አሊ ታይሰንን ይዘርረዋል» ተብሎ የተጀመረ የቦክስ ክርክር ከግማሽ ሰዓት በኋላም እዚያው የሚረግጠው ተከራካሪዎቹ ስለ አንድ ሰው ስለማያወሩ ነው። አንደኛው «አሊ» ሲል በ1966 ክሊቭላንድ ዊሊያምስን በሦስት ዙር የጨረሰውን የ24 ዓመት ወጣት ያስባል። ሌላው በ1980 በላሪ ሆልምስ ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚወረወር ቀጥተኛ ቡጢ) ሲደበደብ አምሽቶ ከ10ኛው ዙር በኋላ አሰልጣኙ ያስቆመለትን የ38 ዓመት ሰው። «ታይሰን» ሲባልም ያው ነው። በ1988 ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰኮንድ የዘረረውና በ2002 ሜምፊስ ላይ በሌኖክስ ሊዊስ የተዘረረው ታይሰን ስማቸው አንድ ነው እንጂ ቦክሳቸው አንድ አይደለም።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁለት ምሽት ይፈጃል። እስክሪብቶ፣ ወረቀት፣ ሰኮንድ የሚቆጥር ስልክ፣ ለእያንዳንዱ ቦክሰኛ ደግሞ ሦስት ያልተቆራረጡ ግጥሚያዎች ያስፈልጋሉ። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መጨረሻ ላይ አሊንና ታይሰንን ራሳቸውን እናጋጥማለን።

1. ስም ሳይሆን ቀን ምረጡ

ለእያንዳንዱ ቦክሰኛ በእውነት የተጋጠመበትን አንድ ምሽት ወስኑና በወረቀቱ አናት ላይ ጻፉት። ለጆ ሉዊስ ጁን 22 ቀን 1938 ይሁን፤ ማክስ ሽሜሊንግን በ124 ሰኮንድ ያስቆመበት። ለጆርጅ ፎርማን ጃንዋሪ 22 ቀን 1973፤ ኪንግስተን ላይ ጆ ፍሬዘርን ስድስት ጊዜ የጣለበት። ለአሊ ኖቬምበር 14 ቀን 1966፣ ለታይሰን ጁን 27 ቀን 1988።

ቀን የምትመርጡት ሰውዬውን ከቁርጥራጭ እንዳትሰፉት ነው። የተለመደው ማጭበርበሪያ የ1966ቱን የአሊ እግር ወስዶ የ1974ቱን የኪንሻሳ ብልሃት መቀጠል ነው። እንዲህ ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም። ገመድ ላይ ተደግፎ ፎርማንን ያስለፋው አሊ እንደ ድሮው መሮጥ ስላቃተው ነው ያን ዘዴ የተጠቀመው። አንድ ነገር ግን ከሌላ ዓመት መዋስ ይፈቀዳል፤ አገጭ። ቡጢ የመቻል ነገር አብሮ የሚወለድ ስለሆነ የ1975ቱ ማኒላ፣ ከፍሬዘር ጋር ያደረገው ሦስተኛ ግጥሚያ፣ ስለ 1966ቱ አሊ መመስከር ይችላል። ብልሃት ግን በዕድሜ የሚመጣ ነው፤ ወደ ኋላ አይሄድም።

2. ሕጉን ከቡጢው በፊት ወስኑ

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ውጤቱን የሚገለብጠው ግን ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ጁን 18 ቀን 1941 ቢሊ ኮን ከጆ ሉዊስ ጋር 12 ዙር ሲጨርስ በሁለት ዳኞች የነጥብ ወረቀት በልጦ ነበር፤ በሦስተኛው እኩል ነበሩ። በ13ኛው ዙር ለመዝረር ሲሞክር ተዘረረ። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1952 ሮኪ ማርሲያኖ ደግሞ በሦስቱም ወረቀት ተበልጦ ነበር፤ በዚያው በ13ኛው ዙር ጀርሲ ጆ ዋልኮትን በአንድ ቀኝ ጣለው። በዛሬው የ12 ዙር ሕግ ኮን ቀበቶውን ይወስዳል፣ ዋልኮት ቀበቶውን ያስጠብቃል፣ የማርሲያኖ 49 ለ 0 (49 ድል፣ ምንም ሽንፈት) የሚባለውም ነገር የለም። የ15 ዙር ግጥሚያ መቅረት የጀመረው በ1982 ደቡብ ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም ከሬይ ማንቺኒ ጋር ተጋጥሞ ከሞተ በኋላ ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ 12 ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ አራት ነገር ጻፉ፦

የዙር ብዛት፤ 12 ወይስ 15።

የጓንት ክብደት፤ ዛሬ ከባድ ሚዛን የሚጠቀመው 10 አውንስ ነው፣ በአሊና በማርሲያኖ ዘመን 8 ነበር። ቀላል ጓንት ቆዳ ይቀዳል፣ በክንዶች መሃል ሾልኮም ይገባል፤ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ከምሮ የሚከላከል ቦክሰኛ ባለ 8 ላይ ይጎዳል።

ተቃዋሚው ሲወድቅ የጣለው ሰው የት እንደሚቆም። በ1919 ጃክ ዴምፕሲ ጄስ ዊላርድን በመጀመሪያው ዙር ሰባት ጊዜ የጣለው አጠገቡ ቆሞ ሲነሳ እየጠበቀ በመምታት ነው፤ ሕጉ ይፈቅድ ነበር። በ1927 ወደ ገለልተኛ ጥግ (የሁለቱም ቦክሰኞች ወዳልሆነ ማዕዘን) ሂድ ሲባል ዘገየ፣ ቆጠራው በመቆየቱም ለጂን ተኒ ትርፍ ሰኮንዶች ሰጠው፣ ግጥሚያውንም ተሸነፈ። ዴምፕሲን ወደ ዘመናችን የምታመጡ ከሆነ ይህን ልማድ ትቶ እንደሚመጣ ቁጠሩ።

አራተኛው ዳኛው ነው። ማቀፍን (ተቃዋሚን እንዳይመታ ይዞ ማቆየትን) ይታገሳል ወይስ ነጥብ ይቀንሳል? በአሊና ታይሰን ላይ ከሁሉ በላይ ሚዛን የሚደፋው ይህ እንደሆነ በኋላ ታያላችሁ።

3. ቁመትና ክብደት፦ እንዳለ ውሰዱት

የምትመዘግቡት ሦስት ቁጥር ነው፤ ቁመት፣ ለዚያ ግጥሚያ ሚዛን ላይ የወጣው ክብደት፣ የክንድ ርዝመት። የክንድ ርዝመት የሚለካው ሁለት እጅ ወደ ጎን ተዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ነው። የደረት ስፋት ስለሚጨመርበት 18 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ቀለበት ውስጥ በአንድ እጅ ሲሆን ከዘጠኝ አይበልጥም። «18 ሴንቲ ይበልጠዋል፣ አይደርስበትም» የሚሉ ሰዎች ይህን ይረሳሉ።

ለማነጻጸር ያህል፦ ማርሲያኖ በ1952 179 ሴ.ሜ፣ 84 ኪሎ። ሉዊስ በ1938 188 ሴ.ሜ፣ 90 ኪሎ። አሊ በ1966 191 ሴ.ሜ፣ 96 ኪሎ። ታይሰን በ1988 178 ሴ.ሜ፣ 99 ኪሎ። እንግሊዛዊው ታይሰን ፊውሪ በ2020 206 ሴ.ሜ፣ 124 ኪሎ። ዛሬ ከከባድ ሚዛን በታች ያለው የክሩዘር ሚዛን ጣሪያ 90.7 ኪሎ ስለሆነ ማርሲያኖ ያለ ምንም ችግር እዚያ ይገባል፤ የ1938ቱ ሉዊስም ለጥቂት ያልፋል።

«ማርሲያኖ ዛሬ ቢወለድ በዛሬ ምግብና ስፖርት 100 ኪሎ ይሆን ነበር» የሚል መቼም አይጠፋም። ይሆን ይሆናል። ግን 16 ኪሎ የተጨመረበት ሰው 15 ዙር ሙሉ ሳይተነፍስ ቡጢ የሚያዘንበው ማርሲያኖ መሆኑ ይቀራል። ክብደት ከጨመራችሁ ትንፋሽ መቀነስ አለባችሁ፤ ስንት እንደምትቀንሱ የሚነግራችሁ ቪዲዮ ደግሞ የለም። ስለዚህ እንዳለ ውሰዱት።

ታዲያ ትንሹ ትልቁን ያሸንፋል? ማስረጃችሁን ምረጡ። ዴምፕሲ 85 ኪሎ ሆኖ 111 ኪሎ የሆነውን ዊላርድን መጨረሱ ደካማ ማስረጃ ነው፤ ዊላርድ 37 ዓመቱ ነበር፣ ቀበቶውንም ለሦስት ዓመት አላስከበረም። ሉዊስ ፕሪሞ ካርኔራን፣ ኤብ ሳይመንንና በዲ ቤርን መጣሉ መካከለኛ ነው፤ ግዙፎች ነበሩ፣ ነገር ግን የአንዳቸውም ጃብ የሌኖክስ ሊዊስን አይመስልም። ጠንካራው ማስረጃ ሜይ 18 ቀን 2024 ሪያድ ላይ አለ፦ ኦሌክሳንደር ኡሲክ በ101 ኪሎ፣ 119 ኪሎ ገደማ የሆነውን ፊውሪን በነጥብ አሸነፈ፤ በ9ኛው ዙርም ዳኛው ፊውሪ ላይ ቆጠረ። ዲሴምበር ላይ ደገመው። ኡሲክ በቁመትና በክንድ ከአሊ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ «አሊ ለዛሬዎቹ ግዙፎች ትንሽ ነው» የሚለው ክርክር ከ2024 ወዲህ ጉልበቱ ሸብረክ ብሏል። ለማርሲያኖ ግን ይህ አይሠራም፤ በእሱና በኡሲክ መካከል 17 ኪሎ አለ።

4. ቪዲዮ ማየት፦ ድምፁን ዝጉ

ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ግጥሚያ፦ ምርጡን ምሽት፣ ተቸግሮ ያሸነፈበትን፣ የተሸነፈበትን። የዝረራ ቅንብር የምታዩ ከሆነ ጊዜያችሁን አታባክኑ፤ እዚያ ውስጥ ሁሉም ሰው የማይሸነፍ ነው። ሽንፈቱ ከመረጣችሁት ቀን በኋላ ከሆነ ልማዱን ብቻ ውሰዱ፣ ድካሙን አትውሰዱ።

ፊልሙ አሮጌ ከሆነ ፍጥነቱን አስተካክሉ። የዴምፕሲ ዘመን ካሜራ በሰኮንድ 16 ገደማ ፍሬም ያነሳ ነበር፤ በ24 ሲታይ ሁሉም ሰው እንደ ጉንዳን ይሮጣል። መለኪያው ቀላል ነው። አንድ ዙር 180 ሰኮንድ ነው። ድምፅ ስለሌለው ደወሉን አትጠብቁ፤ ቦክሰኞቹ ከወንበር ሲነሱ ቁጠሩ፣ ሲቀመጡ አቁሙ። 135 ሰኮንድ ከመጣ ለ180 አካፍሉት፤ 0.75 ነው፣ ቪዲዮውንም በዚያው ፍጥነት አጫውቱ። ይህ የሚሠራው ዙሩ ካልተቆረጠ ብቻ ነው። በመሃል ምስሉ የሚዘል ከሆነ ሌላ ዙር ላይ ሞክሩ።

ከዚያ ዙር 2፣ 6 እና 10ን እዩ። የመጀመሪያው ዙር መፈታተሻ ስለሆነ ያሳስታል። ድምፁን የምትዘጉት ተንታኙ «ምን ዓይነት ቡጢ!» ሲል ያልገባውንም እንደገባ ስለምትቆጥሩ ነው። በየዙሩ የምትጽፉት ይህን ነው፦ ስንት ጃብ ወረወረ፣ ስንቱ ደረሰ፤ ጃቡን ወርውሮ እጁ ወዴት ተመለሰ፣ ወደ ጉንጭ፣ ወደ ደረት ወይስ ወደ ወገብ፤ ንጹህ ቡጢ ሲቀምስ በቀጣዩ ሦስት ሰኮንድ ምን አደረገ፣ አቀፈ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ፣ ወደ ጎን ወጣ ወይስ መለሰ፤ ተቃቅፈው ስንት ሰኮንድ ቆዩ።

ሁለተኛዋን ጥያቄ አትናቋት። በ1936 ሽሜሊንግ ያልተሸነፈውን ሉዊስን ሊገጥም ሲል ያየው ይህችኑ ነበር፦ ሉዊስ ግራ ጃቡን ወርውሮ እጁን ሲመልስ ዝቅ ያደርገዋል፤ ለአንድ አፍታ በግራ ጉንጩና በግራ ትከሻው መካከል ቦታ ይከፈታል። ሽሜሊንግ ጃቡን እየቀመሰ ጠበቀና በዚያች ቀዳዳ ቀኙን ሰደደ። በ4ኛው ዙር ጣለው፣ በ12ኛው ዘረረው። በሉዊስ ላይ ቀኝ ቀጥታው ፈጣን የሆነ ማንኛውንም ሰው ስታጋጥሙ ይህን ግጥሚያ ሁለት ጊዜ እዩት፤ ቀጥሎም የ1938ቱን አይታችሁ ቀዳዳው ምን ያህል እንደተደፈነ አረጋግጡ።

5. «እሱ እሱን ካሸነፈ» የሚለውን ሰንሰለት በጥሱት

ፍሬዘር አሊን አሸነፈ፣ ፎርማን ፍሬዘርን በሁለት ዙር ጨረሰ፤ ኬን ኖርተን አሊን አሸነፈ፣ ፎርማን ኖርተንንም በሁለት ዙር ጨረሰ። በሰንሰለቱ ስሌት ፎርማን አሊን በአንድ ዙር መጨረስ ነበረበት፤ ኦክቶበር 30 ቀን 1974 ኪንሻሳ ላይ በ8ኛው ዙር የተዘረረው ግን ፎርማን ነው። ፍሬዘር ዝቅ ብሎ ቀጥታ ስለሚገባ ለፎርማን አፐርካት (ከታች ወደ ላይ የሚላክ ቡጢ) የተመቸ ነበር። ለአሊ ደግሞ ያው አገባብ ፈተና ነበር። ቡጢ እንደ ቁልፍ ነው፤ አንዱን በር የሚከፍተው ሌላውን አይነካውም።

የሚጠቅመው በሁለት ዘመን መካከል ድልድይ የሆነ ቦክሰኛ ነው። አርቺ ሙር በ1955 ከማርሲያኖ፣ በ1962 ከአሊ ጋር ተጋጥሟል። ሆልምስ በ1980 ከአሊ፣ በ1988 ከታይሰን፣ በ1992 ከኢቫንደር ሆሊፊልድ ጋር። ፎርማን በ1973 ፍሬዘርን ጥሎ በ1994 በ45 ዓመቱ ማይክል ሙረርን ዘረረ። ድልድይን ስትጠቀሙ ግን በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ዕድሜውን ጻፉ። ታይሰን በአራት ዙር የጨረሰው ሆልምስ 38 ዓመቱ ነበር፣ ለሁለት ዓመት ገደማም አልተጋጠመም። ማርሲያኖ ያሸነፈው ጆ ሉዊስ 37 ዓመቱ ነበር። እነዚህን እንደ ሙሉ ማስረጃ የሚያቀርብላችሁን ሰው ሻይ ጋብዙትና ርዕስ ቀይሩ።

6. አሁን ቀለበት ውስጥ፦ የ1966ቱ አሊ፣ የ1988ቱ ታይሰን

ሁኔታው ይህ ነው፦ 12 ዙር፣ 10 አውንስ፣ ገለልተኛ ጥግ፣ ማቀፍን በመጠኑ የሚታገስ ዳኛ።

ከታይሰን እንጀምር፤ መሣሪያው ግልጽ ስለሆነ። አሊ ቡጢ ሲመጣበት አንገቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ቀኝ እጁም ዝቅ ይላል። ያ ለግራ ሁክ (ከጎን ዞሮ ለሚመጣ ቡጢ) ክፍት በር ነው። በ1963 ሄንሪ ኩፐር 84 ኪሎ ብቻ ሆኖ በዚያው በር ገብቶ በ4ኛው ዙር መጨረሻ ጣለው፤ ደወሉ ደረሰለት። በ1971 ፍሬዘር በ15ኛው ዙር በዚያው በር ጣለው። የታይሰን ግራ ሁክ ከኩፐር ይከብዳል፣ ከፍሬዘር ይፈጥናል። ሌላም አለ፤ አሊ 13 ሴንቲ የሚያንሰውንና አጎንብሶ የሚገባን ሰው በጃብ ለመምታት ወደ ታች መወርወር አለበት፣ ወደ ታች የተወረወረ እጅ ደግሞ ከላይ ያለውን ጉንጭ ያጋልጣል። ከፍሬዘር ጋር ይህን በግልጽ ታያላችሁ።

ግን ታይሰን ፍሬዘር አይደለም። ፍሬዘር ደወል እስኪመታ የማይቆም ማሽን ነው። ታይሰን ግን እየፈነዳ የሚመጣ ሰው ነው፤ ሦስት አራት ቡጢ ያዘንባል፣ ይቆማል፣ እንደገና ቦታውን ያስተካክላል። የሚታቀፈው በዚያ መሃል ነው። በማርች 1987 ጄምስ ስሚዝ ዳኛው ነጥብ እስኪቀንስበት ድረስ እያቀፈ 12 ዙር ጨረሰ። በኦገስት ቶኒ ታከር፣ ቁመቱ 196 ሴንቲ የሆነና ጃብ ያለው ሰው፣ እንዲሁ 12 ዙር ቆመ። በሁለቱም ግጥሚያዎች ከ6ኛው ዙር በኋላ ታይሰን በአንድ ጊዜ የሚሰነዝረውን ቡጢ ቁጠሩ፤ አራት የነበረው አንድ አንድ ይሆናል። በ1990 ቶኪዮ ላይ በስተር ደግላስ ያሳየው የቀረውን ነው፦ በጃብ አቁመው፣ ቀኙን አስከትል፣ ሲጠጋ እቀፍ። ደግላስ በ8ኛው ዙር በአፐርካት ወድቆ ተነሳ፣ በ10ኛው ዘረረው። ያ ታይሰን አሰልጣኙን ኬቪን ሩኒን ካባረረ በኋላ የመጣው ስለሆነ ጭንቅላቱ እንደ 1988ቱ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ዘዴውን እንጂ ውጤቱን አንዋስም።

አሊ እነዚህን ሦስት ነገሮች ሁሉ ይችላል፣ ከደግላስም በፈጠነ እግር። በጃንዋሪ 1974 ከፍሬዘር ጋር ለሁለተኛ ጊዜ ሲጋጠም ግራ እጁን ከፍሬዘር ማጅራት ኋላ አጥልፎ ወደ ታች እየጫነ ሲያሸንፍ እዩት። ችግሩ ያ የ1974 ብልሃት መሆኑ ነው። የ1966ቱ አሊ ማቀፍን ያን ያህል አልለመደም፤ አያስፈልገውም ነበር፣ የሚነካው አልነበረማ። እዚህ ላይ የራሳችንን ሕግ ጠብቀን ሙሉውን ብልሃት አንሰጠውም፤ ግማሹን እንስጠው። ሌላው ድክመቱ ሆድ አለመምታቱ ነው፤ አጎንብሶ የሚገባን ሰው የሚያዘገየው የሆድ ቡጢ ነበር።

ለእኛ የሚታየን እንዲህ ነው። እስከ 4ኛው ዙር ታይሰን አሊን አንድ ጊዜ የመጣል ሰፊ ዕድል አለው። አሊ ከወደቀ ግን ይነሳል፤ ኩፐርም ፍሬዘርም ይህን አይተዋል። ከ5 እስከ 8 እግሩ ገና ትኩስ ነው፣ የታይሰን ፍንዳታ ደግሞ ይራራቃል። ከዚያ በኋላ የአሊ ጨዋታ ነው።

7. ውጤቱን በቁጥር ጻፉ

«አሊ ያሸንፋል» አትበሉ። መቶ ሳንቲም ውሰዱና በስምንት ሣጥን አከፋፍሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ዝረራ ከ1–4፣ ከ5–8፣ ከ9–12፣ እና በነጥብ። የእኛ ክፍፍል፦ ታይሰን 20፣ 10፣ 2፣ በነጥብ 8፤ ድምሩ 40። አሊ 2፣ 13፣ 20፣ በነጥብ 25፤ ድምሩ 60።

ሣጥኖቹ ራስን ይፈትሻሉ። ለአንዱ ሰው በአንድ ሣጥን ከ40 በላይ ከጫናችሁ ወደ ቪዲዮው ተመለሱ፤ ከቁጥሩ በፊት ፍቅር ገብቷል ማለት ነው። ኮምፒውተር ቢሠራውም ከዚህ አያመልጥም፦ በ1970 በሲኒማ የታየው የአሊና የማርሲያኖ የኮምፒውተር ግጥሚያ በአሜሪካ ማርሲያኖን በ13ኛው ዙር አሸናፊ አደረገ፣ በአውሮፓ የታየው ቅጂ ደግሞ አሊን። ማሽኑ የሚያወጣው የመገቡትን ነው።

ከዚያ በ2ኛው እርምጃ የጻፋችሁትን አንድ በአንድ ቀይሩና ሳንቲሞቹን አንቀሳቅሱ። 15 ዙር ስታደርጉት ከታይሰን የነጥብ ሣጥን 5 ወደ አሊ ይሄዳል፤ 65 ለ 35። ጓንቱን 8 አውንስ ስታደርጉት ከአሊ የነጥብ ሣጥን 3 ወደ ታይሰን የመጀመሪያ ሣጥን። ዳኛው ማቀፍን የማይታገስ፣ ሁለቴ አስጠንቅቆ ነጥብ የሚቀንስ ዓይነት ከሆነ ግን ከአሊ 8 ወጥቶ ወደ ታይሰን ከ5–8 ሣጥን ይገባል፤ 52 ለ 48።